ቤት የሌለው የቤቱን ሽታ ያምጣ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ገና እንደገባ፣ ወንዙ ሞልቶ ወጣና ከጫካው በታች የሚኖሩትን እንስሳት ቤት ጠራርጎ ወሰደው። የጥንቸል ጉድጓድ በደለል ተደፈነ። አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትጠለልበት የነበረው የወንዝ ዳር ዋሻ ተናደ። ሽማግሌው ኤሊማ ተኝቶ ሳለ ተንሳፍፎ ኖሮ፣ የነቃው ማዶ ደርሶ ነው።

ቤት ያጡት ሁሉ መንገድ ዳር ካለ አንድ ግራር ሥር ተሰበሰቡ። ግራር ደግሞ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ዝናቡን ያጣራዋል እንጂ አያስቀረውም። አህያ ውርንጭላዋን ከሆዷ ሥር አስገብታ ዶፉን በጀርባዋ ትቀበልለት ነበር። ልጁ ግን ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ።

«እመት አህያ፣ ይሄ ሳል አላማረኝም» አለቻት ጥንቸል፣ የራሷን ልጆች ሥር ለሥር እየሸጎጠች።

«እኔንም አላማረኝ። የነሐሴው ዝናብ ሳይመጣ ደረቅ ቦታ ካላገኘሁለት ይሄ ልጅ መስከረምን አያይም።»

የጫካው ንጉሥ አንበሳ ክፉ አልነበረም። አንድ ቀን ከሚስቱ ከአንበሲት ጋር በዚያ ሲያልፍ እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ሲንቀጠቀጡ አየና ልቡ ተነካ።

«በእኔ አገር ሜዳ ላይ የሚያድር ሊኖር አይገባም!» ብሎ አገሣ። «ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ቤት ላጣው ሁሉ ዋሻ ይቆፈር። ቁፋሮውን ጅብ ይሥራው፤ ጉልበት አለው። እደላውን ቀበሮ ይምራው፤ ብልህ ነው። ብቻ አደራ፣ ያልቸገረው እያጭበረበረ እንዳይገባበት!»

እንስሳቱ እልል አሉ። አንበሳም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ካዘዘ ዘንድ የተፈጸመ ነበር የመሰለው።

ጅብ በቁፋሮው አይታማም። ዋሻዎቹ ጥልቅ ሆኑ፣ ደረቅ ሆኑ፣ በራቸውም ወደ ጠዋት ፀሐይ የዞረ ሆነ። አህያ ከግራሩ ሥር ሆና እነሱን እያየች ለልጇ «ያችን ታያለህ? ከጫፍ ያለችውን? እሷ ብትደርሰን» ትለው ነበር።

የእደላው ቀን ደረሰ። ቀበሮ ከኮረብታው ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ጉብ ብሎ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ስሙኝማ! ጌታችን ያልቸገረው እንዳይገባ ብለዋል። እኔም አስቤበት ሕግ አውጥቻለሁ። በዚህ ጫካ ሁላችንም የምንተዋወቀው በቤታችን ሽታ ነው። ስለዚህ ዋሻ የሚሰጠው የድሮ ቤቱን ሽታ ይዞ ለመጣ ብቻ ነው። አንድ ባንድ እየመጣችሁ ትሸተታላችሁ!»

አህያ ቀድማ ቀረበች።

«አያ ቀበሮ፣ እንደምን አደርክ?»

«አያ ቀበሮ አይባልም፤ ሥራ ላይ ነኝ። አቶ ቀበሮ በዪ።» አፍንጫውን ወደ አንገቷ አስጠጋ፣ ወደ ጎኗ ዞረ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ዝናብ ዝናብ ነው የምትሸቺው። የቤትሽ ሽታ የታለ?»

«ጎርፍ ወሰደው እኮ። ከነቤቱ።»

«እንግዲያው ከጎርፉ ተቀበዪና ነዪ።»

«አቶ ቀበሮ፣ በልጄ ይዤሃለሁ! ሳሉን አትሰማም?»

«እሰማለሁ፤ አዝናለሁም። ሳል ግን ማስረጃ አይሆንም። ነገ ነዪ።»

«ነገ ምን ይለወጣል?»

«ምንም አይለወጥም። ግን ነገ ነዪ።»

ጥንቸልም ደለል ደለል ሸተተችና ተመለሰች። ኤሊ ተራው ደርሶ ገና ከመጠጋቱ ቀበሮ በሳቅ ፈነዳ።

«አንተ ደግሞ ቤትህን ተሸክመህ ቤት ትለምናለህ? አታፍርም?»

«ይሄ ልብሴ ነው እንጂ ቤቴ አይደለም፣ ልጄ» አለ ኤሊ። «አንተስ ፀጉር ለብሰሃል ተብለህ ሜዳ ላይ ታድራለህ?»

«ሽማግሌ አያናግሩም!» አለና ቀበሮ ፊቱን አዞረ።

በመጨረሻ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ መጣ።

«የእኔን አሽትት! ተራራው ላይ ያለውን ቤቴን እንኳን ጎርፍ ጤዛም አልነካው!»

ቀበሮ አንዴ ሳብ ሲያደርገው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እፍ! በቃ፣ በቃ! ተረጋግጧል። የመጀመሪያው ዋሻ ያንተ ነው።»

ጅብ ዞር አለና ወዲያው ተመልሶ ቆመ። «አሁንም ይሸታል፣ አይደል?»

«ይሸታል እንጂ!»

«ታዲያ ሁለተኛውንስ?»

ቀበሮ ግራ ቀኝ አየ። ጅብ በብብቱ ሸጉጦት የመጣውን የቅልጥም አጥንት ከድንጋዩ ሥር ቀስ አድርጎ አስቀመጠለት። ቀበሮም «ሕጉ ስንት ጊዜ እንደሚሸተት አይናገርም» አለ። ጅብ እየዞረ እየተመለሰ፣ እያንዳንዱንም ጊዜ አጥንት እያስቀመጠ፣ ዋሻዎቹን ሁሉ ጠቀለላቸው።

አህያ ነገሩን ከዳር ቆማ ስታይ አላስችል አላት። «አያ ጅቦማ ቤት አለው!»

«ታዲያ ለዚያ አይደል የቤት ሽታ ያለው?» አላት ቀበሮ።

ጅብ ዋሻዎቹን ካገኘ በኋላ በአንዱ ተኝቶ ሌላው ትዝ ይለው ጀመር። ወደዚያኛው ሲሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ይናፍቀዋል። መውጣትና መግባቱ ሲሰለቸው መሐል ለመሐል ያለውን ግድግዳ ሁሉ ሸነቆረና ውስጥ ለውስጥ መሮጫ አበጀ። ያን ሁሉ ቤት ብቻውን ይዞ ሲያበቃ፣ ተመችቶት ያደረበት ቀን የለም።

በዚህ መሐል ሐምሌ አለቀ። አንበሳ «ዋሻዎቹን መጥቼ ልመርቅ ነው» ብሎ ላከ። ቀበሮ ደነገጠ፤ ግን ደንግጦ አይቀርም። ሮጦ ወደ ግራሩ ሄደ።

«ወገኖቼ! ጌታችን ሊመርቁ ይመጣሉ። እንዲህ ረጥባችሁ ሲያዩዋችሁ ያዝናሉ። ንጉሥን በደስታው ቀን ማሳዘን ነውር ነው። እስኪመለሱ ድረስ ከኮረብታው ጀርባ ዞር በሉ። ትንፍሽ ያለ ለሚመጣው ዓመትም ዋሻ አያገኝ!»

ሚስኪኖቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ቀበሮ በየዋሻው በር እርጥብ ቄጠማ ጎዘጎዘ፣ በላዩ ጦስኝ አሽቶ በተነበት፤ የጅብን ሽታ የሚሸፍን ሌላ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ጅብን ጠርቶ በጆሮው ነገረው።

«አንተ ውስጥ ሆነህ ከበር በር ትሮጣለህ። እኔ ጥንቸል ስል እንደ ጥንቸል ትናገራለህ፣ ኤሊ ስል እንደ ኤሊ። ገባህ?»

«ገባኝ። መቼ ነው የምንበላው?»

አንበሳና አንበሲት ደረሱ። አንበሳ ጦስኙን ሳብ አድርጎ «እሰይ! ቤት ቤት ይሸታል» አለ።

«ይቺ የጥንቸል ቤት ናት፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ ጮክ ብሎ።

አንበሳ ወደ በሩ ጎንበስ አለ። «ጥንቸል፣ ቤቱ ተመቸሽ?»

ከውስጥ የቀጠነ ድምፅ መጣ። «በጣም እንጂ ጌታዬ! አጥንት ማስቀመጫም አለው!»

«ጥንቸል አጥንት ምን ያደርግላታል?»

«ለ... ለጌጥ ነው፣ ጌታዬ። አሁን አሁን እንዲህ ሆኗል» አለ ቀበሮ። «ይሄኛው ደግሞ የኤሊ ነው!»

«ኤሊ ሆይ፣ እንደምን ነህ?»

«ደህና... ነኝ... ጌታዬ» አለ ከውስጥ የሚያለከልክ ድምፅ። «ሮጬ መጥቼ... ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።»

«ኤሊ ሮጦ?» አለ አንበሳ።

አንበሲት ግን በየበሩ እየቆመች መሬቱን ነበር የምታየው። «እኔ ልጆች አሳድጌያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ልጅ ባለበት ቤት ደጅ ላይ የተጎዘጎዘ ቄጠማ እንኳን እስካሁን፣ ተጎዝጉዞ ሳያልቅ ይበታተናል። የዚህ አንዱ ዘለላ አልተነካም። ቀበሮ፣ ልጆቹ የታሉ?»

«ጨዋ ልጆች ናቸው፣ እመቤቴ! በጣም ጨዋ! እነሆ የአህያ ቤት...»

በዚያው ሰዓት ከኮረብታው ጀርባ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ሲወርድ ውርንጭላው ማሳል ጀመረና ትንፋሽ አጠረው። አህያ ብታቅፈው፣ ብትልሰው ሊያቆም አልቻለም። አንበሳ ከኮረብታው ወዲያ ሆኖ ሲናገር ይሰማታል። አፏን ስትከፍት ጥንቸል ተንጠላጠለችባት።

«ኧረ ዝም በዪ! ይሰሙናል!»

«እንዲሰሙን አይደል እንዴ የፈለግነው?» አለች አህያ።

ከዚያ ደረቷን ሞልታ አናፋች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲያ አናፍታ አታውቅም።

በዚህ በኩል አንበሳ ከጫፉ ዋሻ በር ላይ «አህያ፣ አለሽ?» ብሎ ገና መጠየቁ ነበር። ከውስጥ ጅብ «አለሁ ጌታዬ! ሃ... ሁ... ኡዉዉ!» እያለ ለማናፋት ሲታገል፣ እውነተኛው ድምፅ ኮረብታውን አናወጠው።

አንበሳ አንዴ ዋሻውን፣ አንዴ ኮረብታውን አየ። «ቀበሮ፣ አህያ በሁለት በኩል ነው እንዴ የምትጮኸው?»

«የገደል ማሚቶ ይሆናል፣ ጌታዬ!»

ጅብ ደግሞ «ሰው መጣብኝ እንዴ?» ብሎ ራሱን ከዋሻው ብቅ አደረገ።

አንበሳ በዝናብ ውስጥ ኮረብታውን ዞሮ ሄደ፤ አንበሲትም ተከተለችው። ከወዲያ በኩል ሁሉንም አገኛቸው፤ ጥንቸልን ከነልጆቿ፣ ኤሊን ጭቃ ውስጥ፣ አህያንም ትንፋሹ በሚቆራረጥ ልጇ ላይ ቆማ።

«ዋሻ አስቆፍሬላችሁ የለም? ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?» አለ።

አህያ እየፈራች ተናገረች። «ቤታችሁ ስለተወሰደ ቤት እሰጣችኋለሁ አልከን፣ ጌታዬ። ልንቀበል ስንመጣ ደግሞ የተወሰደውን ቤታችሁን ሽታ አምጡ ተባልን። ቤት ያለው ጅብ ግን ለቀበሮ አጥንት እየሰጠ ሁሉንም ወሰደ። ያለን እንደሆነ ለምን እንለምን ነበር?»

«ጌታዬ፣ እኔ የእርስዎን ቃል ነው ያከበርኩት!» አለ ከኋላ የደረሰው ቀበሮ። «ያልቸገረው እንዳይገባ አላሉም?»

«ብያለሁ» አለ አንበሳ። «አንተ በቃሌ ተደብቀህ አጥንት ለቅመህበታል፤ እሱን ኋላ እንነጋገራለን። ያጠፋሁት ግን እኔም ነኝ። ልመርቅ መጥቼ ዋሻውን እንጂ እነሱን አልፈለግሁም።» ወደ አህያ ዞረ። «አሁን ማን እንደቸገረው በምን ልወቅ?»

«ከጎኔ ማን እንደሚያድር እኔ አውቃለሁ፤ ከጎኗ ማን እንደሚያድር ጥንቸል ታውቃለች» አለች አህያ። «ዝናብ አብሮ የመታው አይጠፋፋም። እኛን ጠይቀን።»

አንበሳ ጠየቃቸው። አንዱ ለአንዱ እየመሰከረ ያን ዕለት ሁሉም ድርሻውን አገኘ። ቀበሮ የለቀማቸውን አጥንቶች መልሶ፣ በየመንገዱ ዳር እየዞረ ሌላ ቤት ያጣ እንዳለ በእግሩ እንዲፈልግ ታዘዘ፤ በዝናብ። ጅብ ደግሞ ወደ ተራራው ቤቱ ከመሄዱ በፊት የሸነቆረውን ግድግዳ ሁሉ እንዲደፍን ተነገረው።

«ከውስጥ ሆኜ ልድፈን ከውጭ?» አለ ጅብ፣ አህያን በዓይኑ እየለካ።

«ከውጭ!» ብለው ሁሉም በአንድ አፍ ጮኹበት።

ሲመሻሽ ዝናቡ ባሰበት። አህያና ውርንጭላዋ ከጫፍ ባለችው ዋሻ ገቡ። ልጁ ደረቁ አፈር ላይ ተጋደመ። ይስላል፣ ግን በመሐሉ ትንፋሽ ያገኛል። እናቱ ከበሩ አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ጎረቤቷ ጥንቸል አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻት።

«እመት አህያ፣ ምን ሆነሻል? ለምን አትተኚም?»

«እንጃ» አለች አህያ። «ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ ጠፍቶኝ ነው።»

ውርንጭላው ዓይኑን ሳይገልጥ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለላት።

«እማ፣ ነዪ፤ ቦታ አለ» አላት።

እሷም ሄዳ ከጎኑ ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ የተቸገረን ለመርዳት የተነሣ ሁሉ ችግረኛው ያጣውን ነገር አምጣ እያለ ደጅ ከሚያስጠናው ይልቅ፣ የሚያድርበት ድረስ ሄዶ ራሱን ቢጠይቀው እርዳታው ለታሰበለት እንደሚደርስ ነው።