የጃርት አራስ ቤት

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

በአንድ ጫካ የሚኖር ጥንቁቅ ጃርት ነበረ። ሚስቱ የመውለጃዋ ቀን ስለደረሰ፣ አራስ ቤት የሚሆናት አዲስ ጉድጓድ ቆፈረላት። ወለሉን ጠቅጥቆ ሳይጨርስ ግን በዓል ገባ። በጫካው ደንብ በበዓል ቀን አፈር መሥራት ነውር ነው። ጃርት የላላውን አፈር በእግሩ ለካ፤ ተጠራጠረና ደግሞ ለካ። ሁለቱንም ጊዜ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ።

«ልጃችን እዚህ ላይ ከተወለደ አፈሩ ያፍነዋል» አለ።

«አንተ ስትለካ ልጁ ጥርስ ያበቅላል!» አለችው ሚስቱ ሆዷን ይዛ።

ውጭ ጨዋታ ወዳዱ ጦጣ ከበሮ እየመታ ሽኮኮዎችን ያስጨፍራል። ጃርት ጥቂት አሰበና ወጣ።

«አያ ጦጣ፣ ጭፈራውን እኔ ቤት አድርጉልኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ጨፋሪ የሆንከው?»

«ከዛሬ። ብቻ ከጥግ ጀምራችሁ ወደ መሃል ነው የምትጨፍሩት፤ መስመር እንዳትዘሉ።»

እየሳቁ ገቡ፤ ወለሉንም በእግራቸው ይደልቁት ጀመር። ድምፁን የሰማው ደንብ አክባሪ ኤሊ በሩ ላይ ደረሰ።

«በበዓል ቀን አፈር የሚጠቀጥቅ ማን ነው?»

«ማንም የለም አባባ፤ እየጨፈርን ነው» አለ ጃርት ቀና ብሎ።

ኤሊ ወለሉን አየ፤ የጃርቲቱንም ሆድ አየ።

«ታዲያ ያ ጥግ ለምን ቀረ?» አለና ከነድንጋይ ልብሱ ገብቶ ይረግጥ ጀመር።

ጀምበር ሳትጠልቅ ጃርቲቱ ወለደች። ልጇም በጠነከረው ወለል ላይ ተነሥቶ ቆመ።

እኔ ጨረስኩ፤ ከአራስ ቤት ገንፎ የተረፈ ካለ አቅምሱኝ።