አራተኛው ካንዴላ

አንድ ሰው ነበረ፤ መኪና ነበረው፤ የሚወዳት ልጅ ደግሞ ተራራው ላይ ነበረች።

ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ደርበው። «ልጃችን ከተወለደ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጣ፤ ልጁን ለእናቴ ሰጥተን ወደ ቀድሞው ኑሯችን ብንመለስ ምን ይመስልሃል?» ነው ያልከኝ። እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ሰው ልንገርህ። የመኪና ወሬ ነው ብለህ እንዳትሰለች፤ እግረ መንገድህን ሞተር እንዴት እንደሚሠራም ታውቃለህ።

ሰውየው የሚኖረው ከተራራው ግርጌ ባለች ሞቃት ከተማ ነው። ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ጥምዝምዝ ነው፤ ግማሹ ላይ ሲደርሱ ጉም ይቀበላል፤ ከጉሙ በላይ የልጅቷ አገር ነው። ከታች ሆኖ ሲያንጋጥጥ ጉሙ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ልጅቷን ባሰበ ቁጥር ቤቷ ደመና ላይ የተሠራ ይመስለው ነበር።

መኪናው ባለ አራት ሲሊንደር ናት። ሲሊንደር ማለት ነዳጅና አየር ገብተው የሚቃጠሉበት ክፍል ነው። በየሲሊንደሩ አናት ላይ ካንዴላ የምትባል ጣት የምታክል ዕቃ አለች፤ እሷ ብልጭ ስትል ነዳጁ ይያያዛል፣ መኪናውም ይሄዳል። አራቱ ታዲያ በአንድ ጊዜ አይነድዱም፤ ተራ አላቸው። መጀመሪያ አንደኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው፣ በመጨረሻ ሁለተኛው። ሰውየው ይህን ካወቀ ጀምሮ ሞተሩን የሚሰማው ተራ ጠብቀው እንደሚያዜሙ አራት ሰዎች ነበር። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። መሪውን ይዞ ያንጎራጉረዋል። እንቅልፍ ሲወስደውም ያው ዜማ ይዞት ይሄዳል።

ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ደረሰ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ለመነ፤ ሦስቱም እሺ አሉት። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበው፦ ሦስት ትልልቅ ሰው ጭና ያን ዳገት ስትወጣ መኪናዋ ታዘግማለች። አማቹ የሚሆነው ሰው ደግሞ ሰዓት አክባሪ ነው ተብሏል። ስለዚህ ወደ አንድ ባለሙያ ሄደ። ባለሙያው ላፕቶፑን ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና አዲስ ትእዛዝ ጻፈባት፦ ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋው ቱርቦ አብዝቶ እንዲነፋ፣ ነዳጁም በዚያው ልክ እንዲጨምር። ሲጨርስ ኮፈኖውን መታ መታ አድርጎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ክንፍ አብቅላለች በል» አለው።

እውነትም ብቻውን ሆኖ ሜዳው ላይ ሲነዳት በረረች።

እሑድ ሽማግሌዎቹን ጭኖ ወጣ። ጉሙ ጋ እስኪደርሱ ሰላም ነበር። ጉሙ ውስጥ ገብቶ፣ ዳገቱ ሲከብድ፣ ነዳጅ ሲረግጥ፣ መኪናዋ አሳለች። ደግማ አሳለች። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሰውየው ጆሮውን ጣለ፦ አንድ፣ ሦስት፣ ... ሁለት። አንድ፣ ሦስት፣ ... ሁለት። አንዱ ዜማውን ትቷል።

«ምነው ልጄ፣ ይቺ ነገር ጉንፋን ያዛት እንዴ?» አሉ ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«ዳማከሴ ጨምቆ በአፍንጫዋ ማድረግ ነው» አሉ ሁለተኛው።

«አፍንጫዋ በየት በኩል እንደሆነ አንተ አሳየው!»

ሦስቱም ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። እየቆሙ፣ እያሳረፉ፣ በአንድ ሳንባ እንደሚተነፍስ ሰው እየተጎተቱ ደረሱ። ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። የልጅቷ አባት በር ላይ ቆመው ተቀበሏቸው፤ ግቡ አላሉም።

«ለቀጠሮ ያልተቸገረ ለልጄ አይቸገርም» አሉ። «ለእናንተ ክብር ስል ሌላ ቀን እሰጣለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት። ካረፈዳችሁ ግን ሌላም የሚጠይቅ አለና ለእሱ መልስ እሰጣለሁ።»

ልጅቷ በመስኮት ታየችው። ወዲያው ጉሙ መጣና መስኮቱን ሸፈነው።

ሰውየው ከተማው ሲመለስ የማይመክረው ሰው ጠፋ። አንዱ ዓይን ነው አለው፤ ጠበል ረጨባት። አንዱ ነዳጁ ውኃ አለበት አለው፤ ነዳጁን አስቀየረ። አንዱ የአየር ማጣሪያው ነው አለው፤ ማጣሪያውን ቀየረ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አደረገና ለሙከራ ወጣ። መኪናዋ እዚያው ቦታ ላይ አሳለች። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «ያ አዲሱ ትእዛዝ ነው! ከእሱ በፊት አስላ ታውቃለች?» አሉት። አሁን ልብ በል፣ ደርበው፤ ይህ ንግግር እውነት ይመስላል። ከእሱ በፊት አስላ አታውቅም። ስለዚህ ወደ ባለሙያው ተመለሰና አዲሱን አስጠፍቶ የድሮውን ትእዛዝ አስመለሰ።

ሳሉ ቆመ። ሰውየው እፎይ አለ። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ፣ በሽማግሌዎቹ ፋንታ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ጫነና ዳገቱን ወጣ። ቀስ እያለች፣ እየተንፏቀቀች ወጣች። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ግን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳሉን አፍኖ እንደሚያስል ሰው፣ አንዲት ትንሽ ድምፅ ተሰማች። እህ።

እንዳልሰማ ሊያልፍ ፈለገ፤ አልቻለም። ማታ ተኝቶ እንኳ በዜማው መካከል ያቺ ክፍተት ተከፍታ አየ። በክፍተቷ ውስጥ የልጅቷ መስኮት ነበር፤ መስኮቱ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይሄዳል።

በማግስቱ ከተራራው ግርጌ መንገድ ዳር ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄደ። ሁሉንም ነገር ተረከላቸው። መካኒኩ እስኪጨርስ ሰሙና፣ «አዲሱን ትእዛዝ መልሰህ አስጭነህ ና» አሉት።

«አባባ፣ እሱ እኮ ነው ያሳመማት!»

«ስታስል ካልሰማኋት የቱ እንደሚያስል በምን አውቃለሁ?»

አስጭኖ መጣ። መካኒኩ ስህተት የምታነብ ትንሽ መሣሪያቸውን ሰክተው ጉሙ ድረስ አስነዷት። መሣሪያዋ የሚያስለው አራተኛው ሲሊንደር መሆኑን ጻፈች። የሚያስል ሲሊንደር ሁለት የቅርብ ተጠርጣሪ አለው፤ አንደኛው ራሷ ካንዴላዋ ናት፣ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ የሚልክላት ኮይል ነው። መካኒኩ ከኪሳቸው ቀይ ክር አወጡና በአራተኛው ኮይል ላይ አሰሩ። ከዚያ ነቅለው በአንደኛው ቦታ ተከሉት፤ የአንደኛውን በአራተኛው። ሌላ ምንም አልነኩም።

«ሁሉንም በአንዴ ቀይረን ብንገላገልስ?» አለ ሰውየው። «እሑድ እኮ ደረሰ።»

«ብትድን ምን እንዳዳናት አታውቅም። ነገ ብትታመም ከየት እንደምትጀምር አታውቅም። አንድ ነገር ታነሳለህ፣ ታዳምጣለህ። በል ውጣ።»

ወጣ፣ ተመለሰ። መሣሪያዋ አሁንም አራት አለች። ባለ ቀይ ክሩ አንደኛው ቦታ ላይ ሆኖ አንዴም አላሳለም።

«ኮይሉ ንጹሕ ነው» አሉ መካኒኩ፣ ክሩን እየፈቱ።

«አላልኩም? ትእዛዙ ነው!»

መካኒኩ ኮይሎቹን ወደየቦታቸው መልሰው እጃቸውን ወደ ሞተሩ ጀርባ ሰደዱ። አራተኛው ሲሊንደር ጥግ ላይ ነው፤ አንድ ወፍራም ቧንቧ ከላዩ ተጋድሟል፤ እጅ እንደ ልብ አይገባም። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ብቻ እየፈለጉ ብዙ ቆዩ። ሲያወጧት ካንዴላዋ ጠቁራለች፤ ጫፏ ተበልቷል። በጫፏ ላይ ያለችው ክፍተት፣ ብልጭታዋ የምትዘላት፣ ከመጠን በላይ ሰፍታለች። መካኒኩ ግን አሁንም አልፈረዱም፤ ያችኑ ካንዴላ በአንደኛው ቦታ፣ የአንደኛውን በአራተኛው አደረጉና እንደገና ላኩት።

ጉሙ ውስጥ ገባ። ነዳጅ ረገጠ። መኪናዋ አሳለች። ሲመለስ መሣሪያዋ የጻፈችው አራት ሳይሆን አንድ ነበር።

ሕመሙ ከካንዴላዋ ጋር ተዛውሮ ሄዷል።

«እንዲህ ነው ነገሩ» አሉ መካኒኩ። «ሸክሙ ሲቀል ይህቺም ብልጭ ትል ነበር። ክፍተቷ ቢሰፋም ማንም አይገፋትም። አዲሱ ትእዛዝ ሲመጣ ግን ውስጡ በአየር ታፈነ፤ በነፋስ ውስጥ ክብሪት እንደ መጫር ሆነባት። ትእዛዙ ብዙ ጠየቀ እንጂ አልሰበራትም። ቀድሞም እንዲህ ነበረች።» ከዚያ አራቱንም ካንዴላዎች በጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። «ሦስቱ አዳዲስ ናቸው። ይህቺ ግን ከመኪናዋ ጋር የመጣች ናት። ማነው የቀየራቸው?»

ሰውየው ያን ቀን አስታወሰ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠቁሮ። ራሱ ነበር የቀየራቸው። ሦስቱን ቀየረ። አራተኛው ጋ ሲደርስ እጁ አልገባ አለ፤ ጣቱ ቧንቧው ላይ ተላጠ፤ ዝናቡም ጀመረ። «ሌላ ቀን» ብሎ ኮፈኖውን ዘጋ። መኪናዋም ምንም ሳትል ተነሳች። በማግስቱም ተነሳች። ስለዚህ ረሳው።

ቀስ ብሎ ወደ መኪናዋ ገባና የፊት መሳቢያዋን ከፈተ። ከወረቀቶችና ከተሰበረ መነጽር ሥር አንዲት ትንሽ ካርቶን አገኘ። ካርቶኗ ውስጥ አንዲት ካንዴላ ነበረች፤ ያልተነካች። ከእሱ ጋር ዳገቱን ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ሽማግሌዎቹ ሲስቁ እዚያው ነበረች። በር ላይ ቆሞ ሲያፍርም እዚያው ነበረች።

መካኒኩ ክፍተቷን ለክተው ለአዲሱ ትእዛዝ እንዲስማማ በጥቂቱ አጠበቡት፤ «ይህቺን ግን አንተው አስገባት» አሉት። አስገባት። ጣቱ እንደገና ተላጠ።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ጭኖ ወጣ። ጉሙ ተቀበላቸው። ነዳጅ ረገጠ፤ ጆሮውን ጣለ። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። ሽማግሌዎቹ ለሳቅ የሚሆን ሳል ሲያጡ ጊዜ ተራ በተራ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ነጩ ጉም በመስኮቶቹ ሥር እንደ ወተት ይፈስሳል፤ መንገዱ ይታጠፋል፣ መንገዱ ይዘረጋል፤ እሱ መሬት ይንዳ ሰማይ ይንዳ አያውቅም። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። ከጉሙ ሲወጡ ፀሐይ ነበረች፤ የልጅቷም ቤት እንደማንኛውም ቤት መሬት ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። አባትየው ሰዓታቸውን አዩ፤ በሩን ከፈቱ፤ በወጉ ቆመው ሊለምኑ የነበሩትን ሽማግሌዎች፣ «ተቀመጡ» አሏቸው።

ይኸው ነው ታሪኩ። አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ደርበው።

ልጃችሁ አዲሱ ትእዛዝ ነው። ብዙ ይጠይቃል፤ እንቅልፍ ይጠይቃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሁለታችሁም ያላችሁን ሁሉ ይጠይቃል። ከእሱ በፊት አልተጣላንም አልከኝ፤ አምንሃለሁ። ሜዳ ላይ ነበራችኋ። ልጁን ለእናትህ ብትሰጠው ቤታችሁ ጸጥ ይላል፤ ግን የድሮውን ትእዛዝ እንዳስመለሰው ሰው ትሆናለህ፣ ያቺን የታፈነች ሳል እስክትሰማ ድረስ።

እኔ የምጠይቅህ እጅህ ስላልገባበት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ራስህ ነግረኸኛል፤ ረስተኸው ይሆናል። የሚስትህ አባት ያረፉ ጊዜ ሥራ ይዞኛል ብለህ ለቅሶ ሳትደርስ ቀረህ። እሷ ስትመለስ ምንም አላለችህም፤ አንተም ጀመርክና ከበደህ፣ «ሌላ ቀን እናወራበታለን» አልካት። ቤቱም በማግስቱ እንደ ልማዱ ተነሳ። ይኸው ሦስት ዓመቱ።

እና አሁን ቤት ስትገባ ልጁን ከእጇ ተቀበላት። አስቀምጣት። ሌላ ምንም አትንካ፤ ከአባቷ ጀምር። ጣትህ ይላጣል፤ ይላጥ። ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጣት።