አድማሴ የሚባለው በሬ

ድሮ ነው፣ ልጆች። ወንዛችን ድልድይ ሳይኖረው፣ ማዶ ያለ ሰው ወዲህ ለመምጣት በጋን በሚጠብቅበት ዘመን ነው። እኔ አላየሁም። ያየችው የአያቴ እናት ናት፤ ስትናገረው እጇን አፏ ላይ ትጭን ነበር ይላሉ። እኔም እስከ ዛሬ ስናገረው እጄ ወደ አፌ ይሄዳል።

የማዶ ሰዎች ከእኛ የተለዩ ነበሩ። ጥለት የሌለው ልብስ ብቻ ይለብሳሉ። ጌጥ አያደርጉም። ጦር አይዙም። ሰው አይከሱም። የእኛ ሰዎች "እነዚህ አይናደዱም እንዴ?" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። መናደዱንስ ይናደዳሉ። ንዴታቸውን የት እንደሚያደርሱት ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ከእነሱ አንዲት ልጅ ወደ እኛ ተዳረች። ስሟ ይርገዱ ነው። ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሰው ሲያያት መሬት የምታይ ሴት ነበረች። አንድ ወንድ ልጅ ወለደች፤ አስማረ አለችው። ባሏ ሞተ። የባሏ ወንድም ደረበ እርሻዋን ያርስላት ጀመር።

አንድ ቀን የጎረቤቷ የቢሻው ከብቶች ገብተው ባቄላዋን ጨረሱት። ይርገዱ አልጮኸችም። አልከሰሰችም። በዚያው ሳምንት አህያዋ ወለደች። በሰባተኛው ቀን ውርንጭላውን ከበረት አወጣችና በጆሮው "ቢሻው" አለችው።

ሰው ደነገጠ። በእኛ አገር በሬ ቦራ ይባላል፣ ዳልቻ ይባላል፤ በመልኩ ይጠራል። የሰው ስም ለአህያ? ያውም የጎረቤት ስም! ገበያ ላይ ቢሻውን "ወንድሜ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጫኑህ?" አሉት። ቢሻው ሽመሉን ይዞ እየሮጠ መጣ።

"አንቺ ሴት! እኔን ነው አህያ ያልሽው?"

"አይ፣ አያ ቢሻው። አህያውን ነው ቢሻው ያልኩት።"

"ታዲያ ምን ልዩነት አለው?"

"በስምህ የተጠራ አይመታም" አለች፣ መሬት መሬት እያየች። "በእኛ አገር እንዲህ ነው። ሰው ሲበድለን ቀጥሎ ለሚወለደው እንስሳ ስሙን እንሰጠዋለን። ከዚያ ወዲያ አይመታም፣ አይሰደብም፣ አይታረድም። ንዴታችን እስኪበርድ በእጃችን እንመግበዋለን።"

ቢሻው ሽመሉን እንዳነሳ ቀረ። የሚመታው ሰው አጣ።

ክረምት ገባ። ዝናብ ሲወርድ ይርገዱ ደበሎዋን ለውርንጭላው አልብሳ እሷ ስትበሰብስ ቢሻው በአጥሩ ቀዳዳ አየ። ሦስት ቀን አየ። በአራተኛው ቀን የባቄላ ማሳዋን ዙሪያውን በእሾህ አጠረላት፤ ለማንም አልተናገረም።

ቀጥሎ ጥጊቱ የምትባል ሴት "ይህቺ የማዶ ሴት ቡዳ ናት፤ ባሏንም የበላችው እሷ ናት" ብላ አስወራች። ሰው ልጆቹን ከይርገዱ ደጅ ከለከለ። ይርገዱ አልቅሳ ሳትጨርስ ላሟ ሴት ጥጃ ወለደች። ስሟን ጥጊቱ አለቻት። ሰው እንደገና ደነገጠ። ባለስሟማ ራሷን ይዛ ጮኸች። ጥጃዋ አድጋ ስትወልድ ይርገዱ የመጀመሪያውን ቅቤ በቅል አድርጋ ለጥጊቱ ላከች። ጥጊቱ ለውሻ ሰጠችው። ሁለተኛም ላከች፤ ለውሻ ሰጠችው። በሦስተኛው ጥጊቱ ራሷ ቅሉን ልትመልስ መጣች። ቅሉ ባዶ አልነበረም፤ ምስር ሞልታበት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሰው ይስቅ ነበር፣ ልጆች። ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

አስማረ ሃያ ዓመት ሲሞላው በመስኖ ውኃ ተራ አድማሴ ከሚባል የመንደሩ ሰው ጋር ተጣላ። አድማሴ በያዘው ዶማ መታው። አስማረ ወደቀ፤ አልተነሳም። አድማሴ ሸሽቶ ከእርሻው በላይ ባለው ገደል ውስጥ ተደበቀ። ደረበም በወንድሙ ልጅ ሬሳ ላይ ቆሞ "አድማሴን ሳልገድል ጸጉሬን አልላጭም" ብሎ ማለ።

ከአርባው በኋላ ጥጊቱ የተባለችው ላም ቀይ ወንድ ጥጃ ወለደች።

መንደሩ ሁሉ አንድ ነገር አሰበ፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። ይርገዱ ሰባት ቀን ከበረት አልወጣችም። የአያቴ እናት ውኃ ልትሰጣት ገባች። ይርገዱ የጥጃውን ጆሮ ይዛለች። ከንፈሯ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም።

በሰባተኛው ቀን ሰው በደጅዋ ቆመ። ቢሻው ወደ ፊት ወጣ።

"እህቴ፣ የእኔ በደል በባቄላ ነበር። ይሄ በልጅሽ ነው። በስሙ አትጥሪው፤ ማንም አይፈርድብሽም።"

ይርገዱ ጥጃውን ይዛ ወጣች። አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። "አድማሴ" አለች።

ደረበ ካራውን መዘዘ። "አርደዋለሁ!" አለ። እሷ የጥጃውን አንገት አቀፈች። "መጀመሪያ እኔን" አለች። ይህን ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፤ ሰው ድምፅዋን ያን ቀን አወቀው። ደረበ ካራውን ወደ አፎቱ መልሶ ሄደ።

አራት ዓመት አለፈ። የደረበ ጸጉር ትከሻው ላይ ወረደ። ጥጃው በሬ ሆነ። የደረበ አንዱ በሬ ሞተበት፤ የዘር ጊዜ ሊያልፍ ሆነ። ቀዩን በሬ ጠመደው።

"ና አንተ!" አለው። በሬው ቆመ። "ሂድ!" አለው። ቆመ። ጅራፍ አነሳ፤ ማሳው ዳር ይርገዱን አያትና ጣለው። ፀሐይ ከፍ አለች። አንድ መንገደኛ "ደረበ፣ አንተ ነህ በሬውን የምትጠብቀው ወይስ እሱ ነው የሚጠብቅህ?" ብሎት አለፈ። ደረበ ጥርሱን ነክሶ "ና አድማሴ" አለ። በሬው ሄደ።

መጀመሪያ ስሙን እንደ ምራቅ ይተፋው ነበር። ግን እርሻ ረጅም ነው። በትልም በትልሙ ይጠራዋል። እየዋለ እያደረ ድምፁ ለሰለሰ፤ እሱ አላወቀውም። "ና አድማሴ። ጎሽ አድማሴ። እረፍ አድማሴ።"

ገደል ውስጥ ያለው ሰው ሰማ። ስሙን በደረበ ድምፅ ሲሰማ ሊሸሽ ተነሳ። ከቁጥቋጦ አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ጅራፍ ያልያዘ ገበሬና ቀይ በሬ አየ። ያን ክረምት በሙሉ አየ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በዘር ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ማሳው ወረደ።

ደረበ እርፉን ለቆ ጦሩን አነሳ። ሰውየው ተንበረከከ። ደረበ ሊረግመው አፉን ከፈተ። ግን ለዚያ ስም የቀረው ድምፅ አንድ ብቻ ነበር።

"ና አድማሴ" አለ።

በሬው ቀደመ። ጓደኛውንና ሞፈሩን እየጎተተ መጥቶ አፍንጫውን ጦር በያዘው ክንድ ላይ አሳረፈ። ጦሩ ከደረበ እጅ ወደቀ። ከበሬው ኋላ ሰውየው በጉልበቱ እየዳኸ ደረሰ። ይርገዱ ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ሳታይ ፊቱን አየችው።

"ከስተሃል" አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ደረበ በዚያው ቀን ጸጉሩን ተላጨ። በሬው በእርጅና ሞተ፤ ካራ አልነካውም።

ለዚህ ነው፣ ልጆች፣ በእኛ አገር በሰው ስም የሚጠራ በሬ ስታዩ ጅራፍ የማታነሱት። ለዚህም ነው ሰው ተናዶ ጦሩን ሲያነሳ ሽማግሌዎቻችን ምን እንዳደረጉት የማይጠይቁት። ደጁ ላይ ቁጭ ይሉና እንዲህ ብቻ ይሉታል፦

"ላምህ መቼ ነው የምትወልደው?"