ቀድሞ የሄደ ስንቅ

ድሮ አይደለም፤ ዱሩም ሩቅ አይደለም። በዚያ ዱር ሁሉም ሥራ አለው። አንበሳ ይገዛል፣ ጅቦች ድንበር ይጠብቃሉ፣ ጦጣ ትጽፋለች፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

ድንበሩ ወንዝ ነው፤ ከአንበሳው ደጅ የሦስት ቀን መንገድ። ጅቦች ይኸው ስድስት ዓመት በየወሩ ወደዚያ ይዘምታሉ። ወታደር በባዶ ሆዱ አይዘምትምና ለእያንዳንዱ ጉዞ ስንቅ ይሰጣቸዋል። ስንቁ ከየቤቱ በተራ የሚወጣ ግልገል ነው። ሕጉ «ስንቅ መንገድ ላይ ይበላል» ይላል፤ መንገዱ የት ድረስ እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ጅቦቹ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ሸለቆ ይወርዳሉ፣ ግልገሉን ይበላሉ፣ ስድስት ቀን ይተኛሉ፣ ከዚያ እግራቸውን ጭቃ ቀብተው እያነከሱ ይመለሳሉ። ጦጣ ጭቃውን ታያለች፣ «ደርሰው መጥተዋል» ብላ ትጽፋለች፣ ማኅተም ታሳርፋለች። እንደነሱ የወፈረ ዘማች በየትም አገር ታይቶ አይታወቅም።

አንድ ወር ተራው የሚዳቋ ሆነ። ሚዳቋ ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ እሷንም ገና ልሳ አልጠገበቻትም። አንበሳ ፊት በሚደረገው ጉባኤ ላይ ተነሳች።

«ጌታችን፣ ልጄን አልሰጥም አላልኩም፤ ለአገር ነው ተብሏል። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ስንቁ ይቅደም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ አንበሳ።

«ሕጉ መንገድ ላይ ይበላል ነው የሚለው። እኔና ልጄ ቀድመን ወንዙ ዳር እንጠብቃቸው። ደክሟቸው፣ ርቧቸው ይደርሳሉ፤ ያኔ ይብሏት። እዚህ ደጃፍ ላይ በልተውማ ሦስቱን ቀን በምን አንጀታቸው ይሄዳሉ? ለነሱ አዝኜ ነው።»

ከኋላ ጥንቸል ሳቀችና ቶሎ አፏን ያዘች።

የጅቦቹ ሻለቃ ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ይቺ ሴትዮ ልትጠፋ ነው! ወንዙን ተሻግራ እብስ ነው የምትለው!»

«በየት እሻገራለሁ፣ ሻለቃ?» አለች ሚዳቋ። «ድንበሩን እናንተ ዘግታችሁት የለ? ባለፈው ጉባኤ ወፍ አያልፍም ያልከው አንተ አይደለህ? ወይስ ያልፋል?»

ሻለቃው አፉን ከፈተ። ያልፋል ቢል የስድስት ዓመት ስንቅ ሊጠየቅ ነው። አያልፍም ቢል ግልገሏ ከእጁ ልትወጣ ነው። ጦጣ ብዕሯን አንስታ ትጠብቃለች።

«አያ... አያልፍም» አለ።

«ታዲያ ምን አስፈራህ?» አለ አንበሳ። «ይቅደም።»

ሚዳቋ ልጇን ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ደረሱ። ዘብ የለም። የጅብ ዱካ እንኳ የለም።

«እማ፣ ወታደሮቹ የታሉ?» አለች ልጅቱ።

«እየመጡ ነው» አለቻትና ተሻገሩ።

ጅቦቹ ግን ከመካከላቸው መንገዱን የሚያውቅ ስላልነበረ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ስድስት ቀን ጦማቸውን አዛጉ። ሲመለሱ ሻለቃው ደረቱን ነፍቶ፣ «ወንዙ ድረስ ዘልቀናል፤ ድንበሩ ሰላም ነው፤ ስንቁም ተበልቷል» አለ። ሌላ ምን ይበል? «እናትየዋስ?» ሲባል፣ «በሐዘን ሞተች» አለ። ጦጣ ጻፈች፤ ማኅተም አሳረፈች።

በሚቀጥለው ወር ተራው የድኩላ ነበር። ድኩላ ተነስታ፣ «ጌታችን፣ ስንቁ ይቅደም» አለች። ከዚያ ቆርኬ። ከዚያ አጋዘን። ሁሉም ለአገሩ ሲል ከነቤተሰቡ ቀደመ።

ዱሩ ጭር አለ። አንድ ማለዳ አንበሳ ርቦት ተነሳና፣ «ሕዝቤ የት ሄደ?» አለ።

ጦጣ መዝገቧን ገለጠች። «ለዘመቻ ስንቅ ሆኖ አልቋል፣ ጌታዬ። ሁሉም ማኅተም አለው።»

«እንግዲያው ይህን ሁሉ ያስበላ ድንበር ምን እንደሚመስል ራሴ ሄጄ አያለሁ» አለ አንበሳ። «ሻለቃ፣ መንገዱን አንተ ታሳየኛለህ። የምንሄደው ሁለታችን ብቻ ነን።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሻለቃው። ከዚያ ከልማድ የተነሳ አፉ አመለጠው፤ «ስንቅስ?»

አንበሳ ከራሱ እስከ ጭራው አየው። ጥቂት ወራት ቢጦምም የስድስት ዓመት ስብ ገና አላለቀለትም። ጦጣ ማንም ሳያዛት መጻፍ ጀመረች።