ትናንት የታሸገው

አንድ ኅሩይ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረ። ከመደበኛ ሥራው ውጭ የሚደክምለት ሶፍትዌር ነበረው። ሶፍትዌሩ መረጃን አሽጎ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይልካል፤ የተቀበለው ኮምፒውተርም መልሶ ይፈታዋል። ማንም በነፃ ይጠቀምበታል፤ ማንም ያሻሽለዋል። ያሻሻለው ሰው ስም ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ ይሰፍራል። የኅሩይ ስም እዚያ ገጽ ላይ አርባ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። የሶፍትዌሩ ኃላፊ ሊለቅ ስለነበር፣ ባልደረቦቹ ኅሩይን በቦታው ሊተኩት ተስማምተዋል።

በመስከረም መጀመሪያ ሲስተር አስካለ የምትባል ነርስ ከአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደወለችለት። የልጆች ክትባት ቀጠሮ ለእናቶች በስልክ መልእክት እንደሚላክና በዚያ ሶፍትዌር ታሽጎ እንደሚያልፍ ነገረችው። በእሷ መዝገብ ለጳጉሜ የተቀጠሩ አሥራ ሰባት እናቶች «ነሐሴ 30» የሚል መልእክት ደርሷቸው ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። ክትባት የሚሰጥ ሰው ስላልነበረ ተመለሱ። በትክክለኛው ቀን ግን አንዳቸውም አልመጡም።

«ገጹ ላይ ካሉት ስሞች መካከል የአገር ልጅ ስም ባየሁ ጊዜ ደወልኩ» አለችው። «መቼም ይህን የሠራው ጳጉሜ የሚባል ወር መኖሩን ያልሰማ ፈረንጅ ነው። አይፈረድበትም።»

ባለፈው ሚያዝያ የአገሩን ዘመን አቆጣጠር ሶፍትዌሩ ውስጥ ያስገባው ኅሩይ ራሱ ነው። ሶፍትዌሩ አሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም ብሎ ቢያስቸግረው፣ ጳጉሜ ሁሉ ነሐሴ 30 እንዲሆን የሚያደርግ አንድ መስመር ጻፈ። በኋላ እመለስበታለሁ ብሎ ተወው፤ አልተመለሰበትም።

አየዋለሁ ብሏት ስልኩን ዘጋ። በማግስቱ መስመሩን አረመና ገጹ ላይ «መጠነኛ ማስተካከያ» ብሎ አሰፈረ። ከዚያ ደውሎ ነገራት። አመሰገነችው፤ መረቀችው። ቀጥላም ጠየቀችው፦

«ትናንት የታሸገውስ፣ ወንድሜ? እሱም አብሮ ተስተካከለ?»

አልተስተካከለም። የጳጉሜ ቀናት ሁሉ ነሐሴ 30 ተብለው ስለታሸጉ፣ የትኛው የትኛው እንደነበር ከኮምፒውተር ላይ ማንም ሊለየው አይችልም። በሶፍትዌሩ የሚጠቀሙ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ወደ ወረቀት መዝገባቸው መመለስ አለባቸው። ለዚያ ደግሞ ስህተት መፈጸሙን ማወቅ አለባቸው።

«ፈረንጅ አይደለም፣ ሲስተር» አላት። «ጳጉሜን እያወቅሁ የዘለልኳት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ለሌሎቹም ንገራቸው» አለችው። «እኔ መዝገቤን ላውጣ።»

የዚያኑ ቀን ስህተቱን ከራሱ ስም ጋር በገጹ ላይ ጻፈ። ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሲስተር አስካለ ከአሥራ ሰባቱ እናቶች አሥራ አራቱን አፈላልጋ አገኘች። ሦስቱ አካባቢውን ለቀው ነበር፤ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያበላሸነውን በስውር ስናርም የካስን ይመስለናል፤ እንቅልፍም ይወስደናል። ነገር ግን የስውር እርማት የሚጠቅመው ነገ የሚመጣውን ሰው ነው። ትናንት መጥቶ ለተመለሰው ሊደርስለት የሚችል ሰው የሚገኘው፣ አጥፊው «እኔ ነኝ» ሲል ነው። ሥራውን በነፃ መስጠታችንም ከዚህ ነፃ አያወጣንም።

እርስዎስ «መጠነኛ ማስተካከያ» ብለው ያለፉት ነገር ይኖር ይሆን? ያን ቀን መጥተው የተመለሱት ሰዎች አሁን የት ናቸው?