ግራኙ አጫጅ

አንድ አጫጅ ነበረ፤ ግራኝ ነው። ቆይ ደብሪቱ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር ሐሳቤ ይበተናል፤ ሐኪሙም የትኩረት ችግር አለብሽ ብሎኛል፤ በአርባ ዓመቴ ኮሌጅ እጨርሳለሁ ወይ?» ነው ያልሽኝ። እሱኑ ነው የምመልስልሽ፤ ዝም ብለሽ ስሚ።

ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። በእርሻም በጉልጓሎም ማንም አያማውም። አጨዳ ሲደርስ ግን መከራው ይጀምራል። ያገሩ ማጭድ ሁሉ ጥርሱ የሚሞረደው ለቀኝ እጅ ነው። በግራው ሲይዘው እየተንሸራተተ አገዳውን ያጎብጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። በቀኙ ሲይዘው ደግሞ እጁ አይታዘዝለትም። በደቦ ሲወጡ ሌላው ነዶውን አስሮ ጥላ ሥር ሲያርፍ እሱ ገና እርሻው መሃል ነው።

«ምነው አንተ፣ እንቅልፍህን ጨርሰህ አትመጣም?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ከማንም ጋር አይነጋገርም።

«ከርሞ እበረታለሁ» ይል ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ አለ። ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ፤ ስለት ተሳለ፤ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ ጎረቤቶቹ «አንተ ጋ የሠራነውን እኛ ጋ አትመልስም» ብለው ከደቦው አስወጡት። ብቻውን ሲያጭድ ያለወቅቱ ዝናብ ደረሰበትና የስንዴው እኩሌታ እዚያው በሰበሰ።

በዓመቱ ምን ያደረገ ይመስልሻል? ግራ እጁን በመቀነት ከወገቡ ጋር አስሮ ማጨድ ጀመረ! ሦስት ነዶ ሳይሞላ ማጭዱ አምልጦ የገዛ ቅልጥሙን ሰነጠቀው።

ሚስቱ ቁስሉን እያጠበች ትዕግሥቷ አለቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ከገዛ እጅህ ጋር የምትጣላው እስከ መቼ ነው? ሂድና ለእጅህ የሚሆን ማጭድ አሠራ!»

«እንደ ሱሪ ማጭድ በልኩ አሰፋ ሊሉኝ ነው?»

«አሁንስ ምን እያሉህ ነው?»

በማግስቱ እያነከሰ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄደ። ቀጥቃጩ ነገሩን ሲሰማ ወናፉን ጥሎ ተነሣ።

«በየሳምንቱ ገበያ ስትሄድ በደጄ ታልፋለህ! ጥርሱን በወዲያኛው ጎን መሞረድ ነው እኮ፤ የግማሽ ቀን ሥራ! ምነው አንድ ቀን ብትጠይቀኝ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ስንዴ ትዝ አለውና እንባው መጣ።

ቀጥቃጩም ማጭዱን ሲያስረክበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ይዘህ ሰው መሃል እንዳትገባ፤ ክንድህ ወደ ወዲያ ሲወረወር የጎረቤትህን ጉልበት ትቆርጣለህ። በግራ በኩል ጫፍ ላይ አቁሙኝ በላቸው» አለው።

ማጭዱን ከማሠራት ይልቅ ይህ ከበደው። ቢሆንም ጎረቤቶቹ ዘንድ ሄዶ፣ «ደቦው ውስጥ መልሱኝ፤ ግን ጫፍ ላይ አቁሙኝ» አላቸው። አንዱ አጉረመረመ፣ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም እሺ አሉ። ከዚያ ወዲያ ከሁሉ ቀድሞ የጨረሰበት ቀን የለም። ወገቡም እንደ ማንም ሰው ያመው ነበር። ግን ከሰው እኩል ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ስንዴውም ደርቆ አውድማ ገባ።

አጫጁ አንቺ ነሽ፣ ደብሪቱ። ሦስት ሴሚስተር «በሚቀጥለው እበረታለሁ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። አንድ ወንበር ላይ አምስት ሰዓት ተቸንክረሽ ስታለቅሺ እጅሽን በመቀነት ማሰርሽ ነው። ሃያ ደቂቃ አንብበሽ ብትነሺ፣ እየተንጎራደድሽ ጮክ ብለሽ ብታጠኚ፣ ጓደኛሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ብትጽፊ ያንቺ ማጭድ ያ ነው። ለፈተና ተጨማሪ ሰዓትና ጸጥ ያለ ክፍል መጠየቅም ጫፍ ላይ አቁሙኝ እንደ ማለት ነው፤ ውለታ አይደለም። አጨዳው ግን አይቀርልሽም፤ እሱን ማንም አያጭድልሽም።

ትጨርሻለሽ ወይ? ትጨርሻለሽ! ተጨማሪ ሰዓቱን የምትጠይቂበት የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ለምሳ የሚዘጋው በስድስት ሰዓት ነው። ምን ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ? ተነሺ እንጂ!