እማማ ዘርፌን የሚጠይቅ ጠፋ

ተረቴ ትንሽ ናት፤ ጆሮ ካዋሳችኋት ትበቃታለች።

ጨፌ በር በምትባል መንደር የቧንቧ ውሃ ገባ። ቦኖው ከተተከለ ወዲህ ሴቶቹ ምንጭ መውረድ ተዉ። ደግ ነገር ነው፤ ወገባቸው አረፈ። እማማ ዘርፌ ግን ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸውና ወሬም ሳቅም የሚያገኙት ከምንጩ ነበር። ዛሬም እንስራቸውን አዝለው ይወርዳሉ፤ ምናልባት አንዷ ብትመጣ ብለው። ማንም አትመጣም። ያለችው እንቁራሪት ብቻ ናት፤ እሷም የሰፈር ወሬ አታውቅም።

አንድ ቀን ማኅደር የምትባል ልጅ ከከተማ መጣች። ሥራዋ ቦኖው የየቤቱን ኑሮ ምን ያህል እንዳሻሻለ መለካት ነው። ኑሮ በቁና ይሰፈር በክንድ ይለካ እኔ አላውቅም። ብቻ ከቤት ቤት እየዞረች፣ “ድሮ እንዴት ነበራችሁ፣ ዛሬስ እንዴት ናችሁ?” ትላለች። እማማ ዘርፌ ጋ ስትደርስ በሩ ዝግ ነው። እሳቸው ምንጭ ወርደው ሰው ሲጠብቁ፣ ሰው ቤታቸው መጥቶ ተመለሰ። ይህን ሲሰሙ አንጀታቸው ተቃጠለ። እንዴት ነሽ ያላቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷላ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ማኅደርን ቀበሌው ደጃፍ አገኟት። “ልጄ፣ እኔንም ጠይቂኝ።”

“ደስ ይለኛል፣ እማማ። ግን ኑሮ የሚጠየቀው ቤት ተገብቶ ነው። አጥር ጥግ ቆሞ ‘ቤቶች’ የሚልልኝ የመንደር ሰው ከሌለ ደግሞ አትግቢ ተብያለሁ። እሱም ሸጋው ነው። ወደ ከተማ የሚመልሰኝ መኪና ሳይመጣ ሸጋው ከመጣ እመጣለሁ።”

ባለቤቲቱ ፊቷ ቆመዋል፤ እሷ ግን ‘ቤቶች’ ባይ ትፈልጋለች። ደንብ እንዲህ ነው።

ሸጋው ቦኖው አጠገብ በሬ ሲጎትት ተገኘ። “ሸጋው፣ አንተ ካልሄድክ ማኅደር አትመጣም፤ ማኅደር ካልመጣች እኔን የሚጠይቅ የለም።”

“እማማ፣ ይሄ በሬ ተኝቶብኝ እኮ ነው። ትቼው ብሄድ የሰው ማሳ ገብቶ ያጣላኛል።”

ወደ በሬው ዞሩ። “አንተ በሬ፣ ካልተነሳህ ሸጋው አይሄድም፤ ሸጋው ካልሄደ ማኅደር አትመጣም፤ ማኅደር ካልመጣች እኔን የሚጠይቅ የለም።”

“ጠምቶኛል፤ ሳልጠጣ አልነሳም” አለ በሬው።

“ከምንጭ የቀዳሁትን ላምጣልህ?”

“ቦኖ ለምጄ ምንጭ አልጠጣም።” እሱም ኑሮው ተሻሽሎለታል።

“አንተ ቦኖ፣ ካልፈሰስክ በሬው አይነሳም፤ በሬው ካልተነሳ ሸጋው አይሄድም፤ ሸጋው ካልሄደ ማኅደር አትመጣም፤ ማኅደር ካልመጣች እኔን የሚጠይቅ የለም።”

“ተቆልፌአለሁ” አለ ቦኖው። “ቁልፌ ብርቄ ቤት ነው። እሷን ያናግሩ።”

መቼም ወደ ሌላው ማስተላለፍን ብረቱም ተምሮታል። እማማ ዘርፌ ጉልበታቸውን ደግፈው ብርቄ ቤት ወጡ።

“ብርቄ፣ ቁልፍ ካላነሳሽ ቦኖው አይፈስም፤ ቦኖው ካልፈሰሰ በሬው አይነሳም፤ በሬው ካልተነሳ ሸጋው አይሄድም፤ ሸጋው ካልሄደ ማኅደር አትመጣም፤ ማኅደር ካልመጣች እኔን የሚጠይቅ የለም።”

“በምን እጄ ላንሳ፣ እማማ? ይሄ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እንዳለቀሰ ነው። ካልተኛ አላወርደውም።”

ለልጁም ነገሩት። “አንተ ካልተኛህ ብርቄ ቁልፍ አታነሳም፤ ብርቄ ቁልፍ ካላነሳች ቦኖው አይፈስም፤ ቦኖው ካልፈሰሰ በሬው አይነሳም፤ በሬው ካልተነሳ ሸጋው አይሄድም፤ ሸጋው ካልሄደ ማኅደር አትመጣም፤ ማኅደር ካልመጣች እኔን የሚጠይቅ የለም።”

ልጁ ወደ ማንም አላስተላለፋቸውም። እያለቀሰ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።

“ስጪኝ እስቲ” አሉ እማማ ዘርፌ። “የእኔ እጅ ሥራ ፈት ነው።”

በነጠላቸው አዘሉትና ግቢውን ይዞሩ ጀመር። ወሬ ብዙ ተጠራቅሞባቸዋል። ስለ እንቁራሪቷ ነገሩት። ምንጩ ዳር ስለወጣው ሣር፣ ማታ ማታ ከራሳቸው ጋር ስለሚያወሩትም ነገሩት። ድምፃቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆነባቸው። ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ራሱን ጀርባቸው ላይ ጣለ፣ ከዚያ ተኛ።

ልጁ ሲተኛ ብርቄ ቁልፍ አነሳች፤ ቁልፍ ስታነሳ ቦኖው ፈሰሰ፤ ቦኖው ሲፈስ በሬው ጠጥቶ ተነሳ፤ በሬው ሲነሳ ሸጋው ሄደ፤ ሸጋው ሲሄድ ማኅደር መጣች። እማማ ዘርፌ ልጁን ለእናቱ መልሰው፣ እየተጣደፉ ቤታቸው ገብተው ጠበቁ። ሸጋው አጥሩ ጥግ ቆሞ “ቤቶች” አለ። እንባቸው መጣ፤ ጠረጉና “ግቡ” አሉ።

ማኅደር መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሸጋው በሬውን ይዞ ሄደ።

“ከቦኖው በፊት ውሃ ለመቅዳት ምን ያህል ይፈጅብዎ ነበር?”

“ግማሽ ቀን። ጨዋታው ነው እንጂ መንገዱስ ቅርብ ነበር።”

“ታዲያ ቦኖው ከመጣ ወዲህ በተረፈዎት ጊዜ ምን ይሠራሉ?”

“ሰው እጠብቅበታለሁ፣ ልጄ።”

ማኅደር መልሱን ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። “በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?”

እማማ ዘርፌ ቤቱን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩዋት።

“አሁን ሁለት ነን።”

ከውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ማኅደር ሰማች፤ ግን አልተነሳችም። ተረቴ ቀስ ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ትውጣ፤ ሁለቱ ያውሩበት።